ነፃነትንና ግላዊነትን የሚያከብር የኢሜይል አገልግሎት እንዴት ይመረጣል?

ኢሜይል ዕድሜያቸው ከገፋ የኮምፒውተር አገልግሎቶች አንዱ ነው፤ የማንም ኩባንያ ንብረት ሳይሆን እስከ ዛሬ መዝለቁም ከብዙዎቹ ይለየዋል። መልእክትን ከሰርቨር (ደብዳቤ ተቀብሎ ከሚያከማችና ከሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) ወደ ሰርቨር የሚያደርሰው ኤስኤምቲፒ የተባለው የግንኙነት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ለሁሉም ክፍት ሆኖ የወጣ ሲሆን፣ ደንቡን የሚያከብር ማንኛውም ሰው የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የራሱን ሰርቨር ሊያቆም ወይም የራሱን የደብዳቤ ፕሮግራም ሊጽፍ ይችላል። በአንዱ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ አድራሻ ያለው ሰው በሌላው ዘንድ ላለው መጻፍ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የደንቡ ክፍትነት ብቻውን ተጠቃሚውን ነፃ አያደርገውም። ብዙ ሰው ደብዳቤውን የሚያነበው አገልግሎት ሰጪው ባዘጋጀለት ፕሮግራም፣ አገልግሎት ሰጪው በያዘለት ሳጥን፣ የአገልግሎት ሰጪው ስም በተለጠፈበት አድራሻ ነው፤ ለመለየት በሚፈልግበት ቀን ከሦስቱ አንዱንም ይዞ መሄድ ይቸገራል።

ስለዚህ አገልግሎት የሚመርጥ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ቢያነሣ ይጠቀማል። የመጀመሪያው በኮምፒውተሬና በስልኬ ላይ የሚሠራውን ሶፍትዌር የሚቆጣጠረው ማን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ከእኔና ከተቀባዩ በቀር ደብዳቤዬን ማን ሊያየው ይችላል የሚል ነው። የአገልግሎቶቹ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳይመለስ ግን ሁለተኛው አይመለስም፤ ምስጢር እጠብቃለሁ የሚለውን ፕሮግራም ውስጡን መመርመር ካልተቻለ የባለቤቱን ቃል ከማመን በቀር ሌላ መንገድ የለምና።

በራስ ማሽን ላይ የሚሠራው ፕሮግራም

ሪቻርድ ስታልማን እ.ኤ.አ. በ1985 የመሠረተው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አንድን ፕሮግራም ነፃ የሚለው ተጠቃሚው አራት መብቶች ሲኖሩት ነው፦ ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ ማሠራት፣ ምንጭ ኮዱን (ሰው ሊያነበው የሚችለውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ) መርምሮ እንደሚመቸው መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ማካፈል፣ የለወጠውንም ቅጂ ማሰራጨት። ይህን መለኪያ በኢሜይል ላይ ስናውለው ሁለት ቦታዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የእርስዎ ማሽን ነው፤ በእርሱ ላይ የሚሠራው የደብዳቤ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ነፃ ሊሆን ይገባል፣ ሊሆንም ይችላል። ሁለተኛው የአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ነው፤ በዚያ የሚሠራው ፕሮግራም ምንጭ ኮዱ ቢታተም እንኳ እርስዎ ሊለውጡት አይችሉም፣ በሰርቨሩ ላይ የሚሠራው በእርግጥ ያ የታተመው ኮድ ስለ መሆኑም ከውጭ ሆነው ማረጋገጫ አያገኙም። ሰርቨሩን በነፃ ሶፍትዌር የሚያንቀሳቅስ አገልግሎት ሌሎችም ተመሳሳዩን እንዲያቆሙ መንገድ ስለሚከፍት ሊመረጥ ይገባዋል፤ የተጠቃሚው ነፃነት በቀጥታ የሚወሰነው ግን በመጀመሪያው ቦታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በብራውዘር የሚከፈት የደብዳቤ ገጽ ሲታይ ፕሮግራም አይመስልም፤ ሆኖም ገጹ በተከፈተ ቁጥር በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ብዙ ኮድ ወደ ማሽንዎ ወርዶ በማሽንዎ ላይ ይሠራል። ይህ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ፈቃድ የለውም፤ የሰው ልጅ እንዳያነበውም ተጨምቆ የተላከ ነው። በዲስክዎ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ በጥንቃቄ መርጠው የጫኑ ሰው፣ ብራውዘሩን ሲከፍቱ ያልመረጡትን ፕሮግራም በየቀኑ ያሠራሉ ማለት ነው። ሊብሬጄኤስ የተባለው የብራውዘር ተጨማሪ ነፃ ፈቃዱ በግልጽ ያልተመለከተበትን ቀላል ያልሆነ ጃቫስክሪፕት እንዳይሠራ ያግዳል፤ እርሱን ጭኖ የሚያስቡትን አገልግሎት መክፈት ብቻ ብዙ ነገር ያሳያል። አንዳንዱ ገጽ ያለ ጃቫስክሪፕት ጨርሶ ባዶ ይሆናል። እንደ ራውንድኪዩብ ባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ላይ የተገነባው ገጽ በበኩሉ ጃቫስክሪፕት የሚፈልግ ቢሆንም ኮዱ ነፃ ነው፤ ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው ይችላል።

ከዚህ ጣጣ ለመውጣት ቀላሉ መንገድ የብራውዘሩን ገጽ መተውና በማሽን ላይ የሚጫን ነፃ የደብዳቤ ፕሮግራም መጠቀም ነው። ተንደርበርድ በሊኑክስም፣ በዊንዶውስም፣ በማክም ላይ ይሠራል፤ ለአንድሮይድ የወጣው እትሙ ቀድሞ ኬ-9 ሜይል ይባል በነበረው ፕሮግራም ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ተለቋል። ኤቮሉሽን፣ ኬሜይል፣ ክሎስ ሜይል፣ ለአንድሮይድ ደግሞ ፌርኢሜይል እንዲሁ ነፃ ናቸው። በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ የሚወድ ሰው መት ከሚባለው ፕሮግራም ጋር ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ እንዲህ ያሉት ሰዎች ሌላ ምክር አያስፈልጋቸውም። የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ነፃ ሶፍትዌር ብቻ ከሚያሰራጨው ኤፍ-ድሮይድ ማውረድ ይቻላል።

መውጫው ከመግቢያው በፊት ይታይ

የሚመርጡት ፕሮግራም የሚሠራው አገልግሎት ሰጪው በሩን ከከፈተለት ብቻ ነው። ስለዚህ በአገልግሎቱ ገጽ ላይ ከምስጠራው ማብራሪያ አስቀድመው የሚፈልጉት አይማፕ፣ ፖፕ እና ኤስኤምቲፒ የሚሉትን ስሞች ይሁን። አይማፕ ደብዳቤው በሰርቨር ላይ እንዳለ ከብዙ መሣሪያዎች የሚነበብበት ደንብ ነው፤ ፖፕ ደብዳቤውን ወደ ራስ ማሽን የሚያወርድ ሲሆን፣ ኤስኤምቲፒ መላኪያው ነው። እነዚህን የሚፈቅድ አገልግሎት የትኛውም ፕሮግራም እንዲገባ ፈቅዷል፤ የማይፈቅድ አገልግሎት ግን ምንም ያህል ደግ ቢሆን ደብዳቤዎን እርሱ በሠራው ፕሮግራም ብቻ እንዲያነቡ አስሮዎታል።

ይህ በር ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ሊጠብብም ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2022፣ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ለድርጅቶች በሚሰጠው አገልግሎት፣ በስምና በይለፍ ቃል ብቻ መግባትን ከልክለው ኦኦት ወደሚባለው የፈቃድ አሰጣጥ ዘዴ ተሻግረዋል። ዘዴው የይለፍ ቃልን ከስርቆት በመጠበቅ ረገድ ጥቅም አለው። ነገር ግን የደብዳቤው ፕሮግራም ራሱ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ አስቀድሞ እንዲመዘገብ ስለሚጠይቅ፣ የትኛው ፕሮግራም ይግባ የሚለውን ውሳኔ ከተጠቃሚው ወስዶ ለኩባንያው ይሰጣል። አነስተኛ ነፃ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች በዚህ ይቸገራሉ። ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያገለግል የተለየ የይለፍ ቃል የሚያወጣ አገልግሎት ደኅንነቱንም ነፃነቱንም ሊያስታርቅ ይችላል፤ ስለዚህ ይህ አማራጭ መኖሩን ይጠይቁ።

ሁለተኛው የመውጫ ጥያቄ የተከማቸው ደብዳቤ በምን መልክ ይወጣል የሚለው ነው። ኤምቦክስና ሜይልዲር የተባሉት የፋይል ዓይነቶች ብዙ ነፃ የደብዳቤ ፕሮግራሞች የሚያውቋቸው ናቸው። አይማፕ ካለ ደብዳቤውን በሙሉ በራስ ፕሮግራም ማውረድ ስለሚቻል ጉዳዩ ያን ያህል አያሳስብም። የመውጫው ነገር ለምን እንደሚያሳስብ የስኪፍ ታሪክ ያሳያል፤ ስኪፍ ጠንካራ ምስጠራ የነበረውና ብዙዎች ያመሰገኑት አገልግሎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ኖሽን የተባለው ኩባንያ ከገዛው በኋላ ለተጠቃሚዎቹ የስድስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ አገልግሎቱ ተዘጋ። በስኪፍ ስም አድራሻ የነበራቸው ሰዎች ደብዳቤያቸውን አውጥተው መሄድ ቢችሉም አድራሻው ግን አብሯቸው አልሄደም።

ለአድራሻው መፍትሔው የራስ ዶሜይን ነው። ዶሜይን በኢሜይል አድራሻ ውስጥ ከ@ ምልክት በኋላ የሚጻፍ፣ ከመዝጋቢ ድርጅት በየዓመቱ በሚታደስ ክፍያ የሚያዝ ስም ሲሆን፣ በስሙ ስር ኤምኤክስ የተባለው መዝገብ ለዚህ ስም የሚላክ ደብዳቤ ለየትኛው ሰርቨር ይድረስ የሚለውን ይናገራል። አገልግሎት ሰጪውን መለወጥ ሲፈልጉ ያንን መዝገብ ይለውጣሉ፤ አድራሻዎ ያው ይሆናል፤ የሚጽፍልዎ ሰው ምንም እንደተለወጠ አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ምክሮች ሁሉ አንዱን ብቻ ለመፈጸም አቅም ያለው ሰው ይህንን ቢፈጽም የተሻለ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው እድሳቱ ነው። ዶሜይኑ ሳይታደስ ቀርቶ ሌላ ሰው ቢመዘግበው፣ ለእርስዎ የሚላከው ሁሉ፣ የሌሎች አካውንቶችዎ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ ጭምር፣ ለዚያ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ እድሳቱን ለብዙ ዓመታት በአንድ ጊዜ መክፈል፣ የመዝጋቢውንም አካውንት በዚያው ዶሜይን ላይ ባልተመሠረተ ሌላ አድራሻ መክፈት ይገባል። በሌላ በኩል የራስ ዶሜይን ባለቤቱን በቀላሉ የሚያሳውቅ ምልክት መሆኑ አይካድም፤ ማንነቱን መደበቅ ለሚያስፈልገው ሰው ከሌሎች ሺዎች ጋር የሚጋራው የአገልግሎት ሰጪው ስም ይሻለዋል።

ደብዳቤውን ማን ያያል?

ኢሜይል ሲፈጠር ምስጢር እንዲጠብቅ ታስቦ አልተሠራም። ዛሬ ከማሽንዎ እስከ ሰርቨሩ፣ በአብዛኛውም ከሰርቨር እስከ ሰርቨር ያለው መንገድ በምስጠራ የተሸፈነ ነው፤ ይህ መንገድ ላይ የሚያደፍጠውን ይከላከላል እንጂ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ሰርቨሮች ደብዳቤውን ከማንበብ አይታገዱም። ማንበባቸውም እንዲያው የሚፈራ ነገር ብቻ አይደለም። ጉግል የጂሜይል ተጠቃሚዎችን ደብዳቤ ይዘት በማሽን እያነበበ ማስታወቂያ ይመርጥበት ነበር፤ ይህን ማድረግ እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዚያው ዓመት ያሁ እ.ኤ.አ. በ2013 የደረሰበት ጥቃት 3 ቢሊዮን አካውንቶቹን ሁሉ የነካ እንደነበር አምኗል። የመጀመሪያው ባለቤቱ ራሱ የማንበብ ፍላጎት ሲኖረው፣ ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቱ ያልጋበዘው ሰው ሲገባ የሚሆነውን ያሳያሉ።

ከዚህ በመነሣት በርካታ አገልግሎቶች የተከማቸውን ደብዳቤ በተጠቃሚው ቁልፍ እንደሚመሰጥሩ፣ እነርሱ ራሳቸውም ሊያነቡት እንደማይችሉ ይናገራሉ። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚሸፍነው ግን ሰዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። ከሌላ አገልግሎት የሚመጣ ተራ ደብዳቤ ወደ ሰርቨሩ የሚደርሰው ለሰርቨሩ በሚነበብ መልክ ነው፤ ሰርቨሩ ተቀብሎት፣ አይፈለጌ መልእክት መሆን አለመሆኑን ፈትሾት፣ ከዚያ በኋላ ይመሰጥረዋል። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚሆነውን ከውጭ የሚያይ የለም። ቅጂውም በላኪው አገልግሎት ሰጪ ዘንድ እንዳለ ይቀራል። ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚዘልቅ ምስጠራ የሚኖረው ሁለቱም ወገኖች ቁልፍ ሲኖራቸው ብቻ ነው፤ ያኔም ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደጻፈ ይታያል። የደብዳቤው ርእስም ኦፕንፒጂፒ በተባለው የኢሜይል ምስጠራ ደንብ የተለመደ አሠራር ሳይመሰጠር ይቀር ነበር፤ አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች አሁን ርእሱንም ይሸፍኑታል።

ሕግም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ያወጣው ኤድዋርድ ስኖውደን ይጠቀምበት የነበረው ላቫቢት የተባለው የአሜሪካ አገልግሎት የሁሉንም ተጠቃሚዎች ግንኙነት የሚከፍተውን ቁልፍ እንዲያስረክብ በመንግሥት ታዘዘ፤ ባለቤቱ ላዳር ሌቪሰንም ከብዙ ትግል በኋላ አገልግሎቱን መዝጋት መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የስዊዘርላንዱ ፕሮቶን ሜይል በአገሩ ባለሥልጣናት ትእዛዝ የአንድን የፈረንሳይ የአየር ንብረት ተሟጋች የአይፒ አድራሻ (ወደ ኢንተርኔት የሚገቡበትን ግንኙነት የሚለይ ቁጥር) መዝግቦ ሰጥቷል፤ የደብዳቤዎቹ ይዘት ግን ተመስጥሮ ስለነበር አልተሰጠም። ከሁለቱ ታሪኮች የሚወሰደው ትምህርት አገልግሎት ሰጪው የሌለውን ነገር ሊሰጥ አለመቻሉ፣ ያለውን ወይም እንዲሰበስብ ሊገደድ የሚችለውን ግን ሊሰጥ መቻሉ ነው። አገሩ የት ነው የሚለው ጥያቄ ዋጋ አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለምሳሌ መረጃዎን እንዲያስረክቡዎትና እንዲያጠፉ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ነገር ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ የማይደርስበት አገር ፍለጋ መድከም ከንቱ ነው፤ በአገልግሎት ሰጪው እጅ ምን ያህል ጥቂት መረጃ ይቀራል ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያዋጣል።

ሶፍትዌርና ምስጢር የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነው። ምስጠራው የሚፈጸመው አገልግሎት ሰጪው በየጊዜው ወደ ብራውዘርዎ በሚልከው ኮድ ከሆነ፣ ቁልፍዎን የሚነካው ኮድ ዛሬና ነገ አንድ ስለ መሆኑ ዋስትና የለም። አገልግሎት ሰጪው ሲገደድ ወይም ሰርቨሩ ሲሰበር፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአንድ ቀን ብቻ የተለወጠ ኮድ ሊላክ ይችላል፤ ተጠቃሚውም ምንም ልዩነት አያይም። በማሽን ላይ የተጫነ፣ ምንጭ ኮዱ የታወቀ፣ ከአገልግሎት ሰጪው ውጭ ባሉ ሰዎች የተዘጋጀና ለሁሉም አንድ ቅጂ የሚሰራጭ ፕሮግራም ግን ለአንድ ሰው ብቻ መለወጡ ከባድ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ምስጢር ያለው ሰው ምስጠራውን ከአገልግሎት ሰጪው እጅ አውጥቶ በራሱ ማሽን ላይ ያድርገው።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከድሮም አለ። ፊል ዚመርማን ፒጂፒን የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ከእርሱ የተወለደው ኦፕንፒጂፒ የተባለው ክፍት ደንብ ሲሆን፣ የጀርመኑ ቨርነር ኮህ የጻፈው ግኑፒጂ የተሰኘው ነፃ ፕሮግራም የመጀመሪያው ሙሉ እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። ተንደርበርድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይህን ምስጠራ በውስጡ ይዟል። አሠራሩ ሁለት ቁልፎች አሉት፦ ለሰው ሁሉ የሚሰጥ ይፋዊ ቁልፍና ከእጅ የማይወጣ የግል ቁልፍ። የግል ቁልፉን በይለፍ ሐረግ ቆልፈው ቅጂውን ከማሽኑ ውጭ በሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ቁልፉ ከጠፋ ተመስጥሮ የመጣው ሁሉ ለዘላለም ይዘጋል፤ የሚታደግ የድጋፍ ክፍል የለም። የሌላውን ሰው ይፋዊ ቁልፍ ሲቀበሉም የቁልፉን አሻራ (ቁልፉን ከሌሎች የሚለይ አጭር የፊደልና የቁጥር ተርታ) በስልክ ወይም በአካል አስተያይተው ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢፌይል በሚል ስም የተገለጠው ድክመት አጥቂዎች በሥዕልና በሊንክ የተጌጠን ደብዳቤ ተጠቅመው የተመሰጠረውን ይዘት ከተፈታ በኋላ ሊያወጡት እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ፕሮግራሞቹ ከዚያ ወዲህ ቢታረሙም ከውጭ የሚጫኑ ሥዕሎችን ዘግቶ ደብዳቤን በተራ ጽሑፍ ማንበብ አሁንም ጥሩ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ደብዳቤው መቼና የት እንደተከፈተ ለላኪው የሚነግሩትን የማይታዩ ጥቃቅን ሥዕሎችም ያከሽፋል።

ለምርጫ የሚሆኑ ስሞች

አሁን የተወሰኑ አገልግሎቶችን በስም ማንሣት ይቻላል፤ ዝርዝራቸው በየጊዜው ስለሚለወጥ ከመመዝገብዎ በፊት በየራሳቸው ገጽ ላይ ያረጋግጡ።

ፖስቴዮ እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን የተመሠረተ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ በተጠቃሚዎች ክፍያ ብቻ የሚኖር አገልግሎት ነው። ሲመዘገቡ ስም አይጠይቅም፤ ጥሬ ገንዘብ በፖስታ መላክን እንኳ ይቀበላል፤ አይማፕ አለው፤ ቢፈልጉ የተከማቸውን ደብዳቤ ይመሰጥራል። የራስ ዶሜይን አለመቀበሉ ግን ከላይ በተሰጠው ምክር መሠረት ትልቅ ጉድለት ነው። በዚያው ከተማ የሚገኘው ሜይልቦክስ ኦርግ የራስ ዶሜይንን ይቀበላል፤ የሚገባውን ደብዳቤ ሁሉ በእርስዎ ይፋዊ ቁልፍ መስጥሮ ሊያስቀምጥም ይችላል። መቀመጫውን በኔዘርላንድስ ያደረገው ዲስሩት በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ ሲሆን፣ አገልግሎቶቹን በነፃ ሶፍትዌር ላይ ይሠራል። ራይዝአፕ እ.ኤ.አ. በ1999 በሲያትል የተጀመረ፣ ለማኅበራዊ ለውጥ የሚሠሩ ሰዎችን ለማገልገል የቆመ የጋራ ስብስብ ነው፤ ለመግባት የነባር አባል ግብዣ ይጠይቃል። በበጎ ፈቃድ በሚሠሩት ዘንድ ሰርቨር ሲወድቅ የሚያነሣው ሰው እንቅልፍ ላይ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅና መጠበቅ ይገባል፤ ከተጠቀሙም በአቅም መርዳት ተገቢ ነው።

ፕሮቶን ሜይልና ቱታ ሌላ ወገን ናቸው። የሁለቱም መተግበሪያዎች ምንጭ ኮድ ክፍት ነው፤ ምስጠራውን ያለ ተጠቃሚው ድካም ያከናውናሉ። ፕሮቶን ከሌላ የደብዳቤ ፕሮግራም ጋር የሚገናኘው ብሪጅ በተባለ አገናኝ ፕሮግራም ብቻ ሲሆን፣ ይህም ለሚከፍሉ ደንበኞች የተወሰነ ነው። የጀርመኑ ቱታ የርእሱን መስመር ሳይቀር የሚመሰጥር ቢሆንም አይማፕን ጨርሶ አይደግፍም፤ ኦፕንፒጂፒንም ትቶ የራሱን አሠራር ተከትሏል። ከተመሳሳይ አገልግሎት ተጠቃሚ ጋር ለሚጻጻፍና ቁልፍ ማስተዳደር ለማይፈልግ ሰው ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ምንም ምስጠራ ካለመጠቀም እጅግ ይሻላሉ። ፕሮግራሙን ራሱ መምረጥ ለሚፈልግ ሰው ግን በአይማፕ የሚሠራ ተራ አገልግሎት ከራስ ዶሜይንና ከተንደርበርድ ጋር ተዳምሮ የበለጠ ያራምደዋል። ይህ የሚዛን ጉዳይ ስለሆነ የሚያስፈራዎትን ነገር ለይተው ይመዝኑ፤ ስለ ማስታወቂያ ነጋዴዎች የሚጨነቅና ስለ መንግሥት የሚጨነቅ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አያስፈልጋቸውም። «የጦር ሠራዊት ደረጃ ያለው ምስጠራ» የሚል ማስታወቂያ ካጋጠመዎት ግን ምንም እንዳልተነገረዎት ይቁጠሩት።

ከመወሰን በፊት የሚደረግ ሙከራ

መጀመሪያ የግላዊነት መግለጫውን ያንብቡ፤ ረጅም ከሆነ ሦስት ነገሮችን ብቻ ይፈልጉ፦ የአይፒ አድራሻን ለስንት ጊዜ እንደሚያቆዩ፣ መረጃውን ለማን እንደሚያካፍሉ፣ አካውንቱ ሲዘጋ ቅጂዎቹ መቼ እንደሚጠፉ። ከመንግሥታት የመጡ ጥያቄዎችን ብዛትና የሰጡትን መልስ በየዓመቱ የሚያትሙ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሲመዘገቡ የስልክ ቁጥር በግድ ከጠየቁ፣ ሰው መሆንዎን ለማረጋገጥም የሌላ ኩባንያ ዝግ ጃቫስክሪፕት ከጫኑ፣ እንደ ጉድለት ይቁጠሩት።

ከተመዘገቡ በኋላ አካውንቱን በተንደርበርድ ያገናኙ። አይማፕ በ993 ቁጥር በር (ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር በሚገናኝበት የመግቢያ ቁጥር)፣ መላኪያው በ465 ወይም በ587 ያለ ችግር ከሠራ በሩ ክፍት ነው። ቀጥለው ሌላ ቦታ ወዳለዎት አድራሻ አንድ ደብዳቤ ይላኩ፤ እዚያም የደብዳቤውን ምንጭ የሚያሳየውን ትእዛዝ ተጠቅመው ከላይ ያሉትን «ተቀበለ» (Received) የሚሉትን የእንግሊዝኛ የራስጌ መስመሮች ከታች ወደ ላይ ይመልከቱ። የቤትዎ አይፒ አድራሻ በመስመሩ ላይ ተጽፎ ካገኙት አገልግሎቱ የሚጽፉበትን ቦታ ለተቀባዩ ሁሉ እያሳወቀ ነው፤ ጠንቃቃ አገልግሎቶች ይህን ያስወግዱታል። ደብዳቤው በታላላቆቹ አገልግሎቶች ዘንድ በቀጥታ ወደ ገቢ ሳጥን መግባቱንም ይፈትሹ፤ ወደ አይፈለጌ መልእክት የሚወድቅ ከሆነ ለዕለት ሥራ አይሆንም። በተለያየ ስም መጠቀሚያ አድራሻዎች እንዲሁም እንደ ፍሪኦቲፒ ወይም ኤጂስ ባሉ ነፃ መተግበሪያዎች የሚሠራ ሁለተኛ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ የሚጠየቅ ኮድ) መኖሩን ይዩ። በመጨረሻ ለድጋፍ ክፍሉ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይጻፉ፤ የመልሱ ፍጥነትና ጥራት አካውንትዎ የተቆለፈ ቀን ምን እንደሚገጥምዎ ይጠቁማል።

የራስ ሰርቨር

ሰርቨሩን ራስ ማቆም ለሁለቱም ጥያቄዎች የመጨረሻው መልስ ይመስላል። ፖስትፊክስና ዳቭኮት የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ሥራውን ይሠራሉ፤ ሜይል-ኢን-ኤ-ቦክስ የመሳሰሉ ጥቅሎችም አተካከሉን አቅልለውታል። ደብዳቤ መቀበል ቀላል ነው፤ የሚከብደው የላኩት እንዲደርስ ማድረግ ነው። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉት የላኪ ማረጋገጫዎች በትክክል ቢተከሉም፣ የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ ቀድሞ በአይፈለጌ መልእክት ስሙ የጠፋ ከሆነ ታላላቆቹ አገልግሎቶች አይቀበሉትም። ብዙ የቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎችም ለመላኪያ የሚያስፈልገውን 25ኛውን በር ይዘጋሉ። ሌሊት ተነሥቶ ሰርቨር የሚጠግን ሰው ከሌለ ይህን መንገድ ለኋላ ማቆየት ይበጃል፤ የራስ ዶሜይን ያለው ሰው በፈለገው ቀን ሊገባበት ይችላልና።

ከአሮጌው ሳጥን ወደ አዲሱ

ሽግግሩን በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ። በመጀመሪያ የድሮው አድራሻ የት የት እንደተመዘገበ ዝርዝር ያውጡ፤ በአሮጌው ሳጥን ውስጥ የምዝገባ ማረጋገጫና የይለፍ ቃል መቀየሪያ ደብዳቤዎችን መፈለግ አብዛኛውን ያስታውስዎታል። ከዝርዝሩ መጀመሪያ የሚለወጡት የባንክ፣ የመንግሥትና ሌሎች አካውንቶችን መልሶ ለማግኘት የሚያገለግሉት ናቸው። የመጽሔትና የሱቅ ማስታወቂያዎች መጨረሻ ቢሆኑም፣ ጨርሰው ቢቀሩም ጉዳት የለውም።

የተከማቸውን ደብዳቤ ለማዛወር ሁለቱንም አካውንቶች በተንደርበርድ ከፍተው ፎልደሮቹን ከአንዱ ወደ ሌላው መቅዳት ይበቃል፤ ብዙ ዓመት የተከማቸ ከሆነ አይማፕሲንክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ስለሚቀጥል ይመረጣል። ከመቅዳትዎ በፊት ግን የማያስፈልገውን ይሰርዙ፤ በየትኛውም ሰርቨር ላይ የሌለ ደብዳቤ አይሰረቅም፣ አይታዘዝበትምም። ለታሪክ ብቻ የሚቀመጠውን ወደ ራስ ዲስክ አውርደው፣ ዲስኩን መስጥረው፣ ከሰርቨሩ ያጥፉት።

ከዚያም አሮጌው አካውንት የሚመጣለትን ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ያድርጉ፤ የሚጽፉልዎ ሰዎች በአሮጌው አድራሻ ሲጽፉ በአዲሱ ይመልሱላቸው። የሚተላለፈው ሁሉ በድሮው ሰርቨር ማለፉ ስለማይቀር ይህ ጊዜያዊ መሸጋገሪያ ብቻ ነው። አካውንቱን ግን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይዝጉት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶች አሉና። ከዘጉት በኋላ አድራሻው ምን እንደሚሆንም ይጠይቁ። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2013 ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙባቸውን ስሞች ለሌሎች ሰዎች መልሶ ሰጥቷል፤ ጉግል በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን መሰረዝ ጀምሯል። ስሞችን መልሶ የሚያድል አገልግሎት ላይ ከነበሩ፣ አካውንቱን ባዶ አድርገው፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ሰጥተው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እየገቡ በእጅዎ ቢያቆዩት ይሻላል።